ለልጄ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው። ለተኳረፉ ባልና ሚስት ይላካል፣ በድንበር ለተጋጩ ጎረቤታሞች ይላካል፣ ደም ለተቃቡም ይላካል። በገዛ ልጇ ላይ፣ ያውም በትምህርት ጉዳይ ሽማግሌ የላከች እናት ግን ከእኔ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ባለቤቴ የታመመው አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እንጅባራ ቤታችን ውስጥ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ሰነበተ፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ አንደበቱም ተሳስሮ። የሚለውን የምሰማለት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሰው ሲጠይቀው እሱ ይንተባተባል፣ እኔ እናገርለታለሁ። ልጃችን አዲስ አበባ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲዋን ለመጨረስ የመጨረሻው ፈተና ደርሶባት ነበር። ደውላ ልምጣ ወይ አለች። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ራሱን ነቀነቀና የሚችለውን ያህል ተናገረ። ፈተናሽን ጨርሺ፣ እስኪበቃሽ ተማሪ እያለሽ ነው ብዬ ነገርኋት። አመነችኝ፤ እውነትም ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ልነሣ ስትል መንገዱ ተዘጋ። የደረሰችው ለአርባው ነው።

ለቀብሩ አለመድረሷን አንድም ቀን አንስቼባት አላውቅም። ብቻ እንዳላነሣሁባት እንድታውቅ አድርጌ ነው የማላነሣው።

ተመርቃ ስትመጣ ብርዱ ጠንቶ ነበር። አንድ ቀን አብረን ድንች እየላጥን ፌሎሺፕ ስለሚባለው ነገር ነገረችኝ። ከስፔሻሊስትነት በኋላ አንዱን ዘርፍ ለይቶ እዚያው አዲስ አበባ ሁለት ዓመት መማር ነው። ከፊቷ የነበረው ምርጫ ጽኑ ሕሙማንን ማከም፣ የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና፣ ወይም ትምህርቱን ትታ እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል መሥራት ነበር። ጽኑ ሕሙማኑን አባቷ ከሞተ በኋላ አስባው ነበር፤ በእያንዳንዱ አልጋ ላይ እሱን ልታይ እንደሆነ ሲገባት ተወችው። ልቧ ሕፃናቱ ላይ ነው። ለአዋቂ የተሠራ የኦክስጅን ጭንብል ሕፃን ፊት ላይ ሲደረግ እንዴት እንደሚሰፋ፣ በጣቶቿ ከዳርና ከዳር እንዴት አጥብባ እንደምትይዘው፣ በእጇ የነበረውን ድንች እንደ ሕፃን ፊት አድርጋ አሳየችኝ። አመልክታ ተቀብለዋታል። የቀራት በሚቀጥለው ሳምንት እሺታዋን ማሳወቅ ብቻ ነበር።

እንዳልሽ አልኋት። በነጋታው ለእሷ ሳልነግራት ግምጃ ቤት ወደሚባለው አገር ሄድሁ።

እዚያ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ አሉ። ገበሬ ናቸው። ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፤ ቢሆንም ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ያለ ፈረሳቸው አይሄዱም። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ዶክተር ሆነች፣ ቀጥላ ስፔሻሊስት ሆነች፣ አሁን ደግሞ ጳጳስ ልትሆን ነው ወይ አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸውን ተዉት።

“ወንድሜስ ምን ይል ነበር?” ብለው ጠየቁኝ።

“ልጁን ከአጠገቡ ማየት ይወድ ነበር” አልሁ። ይህም እውነት ነው። እስኪበቃሽ ተማሪ ማለቱን ግን አልነገርኋቸውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ ዋርሳዬ፣ የነፍስ አባቴና የእድራችን ዳኛ። ልጄ አግዳሚውን ጠርጋ ተቀመጡ ብትላቸው አልተቀመጡም። እሺ ሳትይን አንቀመጥም፣ እህል ውኃም አንቀምስም አሉ። ለጋብቻ የመጡ መሰላት።

“ማን ነው እሱ? ጥርስስ አለው?” አለች።

የነፍስ አባቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ዋርሳዬ ግን አልሳቁም። ነገሩ ከባድ ሲሆን እንደሚያደርጉት አማርኛውን ትተው በአገውኛ ጀመሩ። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ አገውኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። ልጄና አባቷ ግን ሲያወሩ የሚያወሩት በእሱ ነበር። አባትሽ ተናዞ ነው የሞተው፣ ከእናትሽ እንዳትርቂ ብሏል አሏት።

ወደ እኔ ዞረች። “እማዬ፣ እንዲህ ብሏል?”

የጥቁር ነጠላዬን ጫፍ አስተካከልሁ።

“አጎትሽ አይዋሹም” አልኋት።

ዋርሳዬ መቆሙ በዝቶባቸው ክብደታቸውን ሁሉ ዱላቸው ላይ ጥለው ነበር፤ የታመመውን እግራቸውን ከመሬት ከፍ አድርገውታል። የልጄ ዓይን እዚያ ላይ አረፈ። “ይቀመጡ፣ አባባ፤ እሺ ብያለሁ” አለች። ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች። መረቋት፤ በሉ፣ ጠጡ።

በማግሥቱ ልብስ አብረን ስናጥብ ነገሩን አነሣችው። ልትከራከረኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ የፈለገችው ሌላ ነው። አባቷ ያን ያለው በየትኛው ቀን እንደነበር፣ ስሟን ጠርቶ እንደሆነ፣ ደህነኛውን እጁን አንቀሳቅሶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያመለጣትን ድምፁን ከእኔ ልትወስድ ነው። ቀኑን ረሳሁት አልኋት። ይሁን፣ ስታስታውሺው ትነግሪኛለሽ አለችና አንሶላውን አጥብቃ ጨመቀችው።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። በሳምንቱ አጋማሽ እንደገና ወደ ግምጃ ቤት ሄድሁ። ጉሙ ከከሰል አክሳዮቹ ጢስ ጋር ተደባልቆ መንገዱ አይታይም ነበር። ለዋርሳዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። የመጨረሻውን የስልክ ንግግርም ነገርኋቸው።

“በሞተ ወንድሜ አፍ አናገርሽኝ” አሉ።

ተነሥተው ለፈረሳቸው ድርቆሽ ጣሉለት። በኋላ፣ “ኑዛዜ የሚለውን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ‘ይወድ ነበር’ ነው ያልሽው” አሉኝ። ሊያቀሉልኝ ነበር፤ አልቀለለኝም። አጎትሽ አይዋሹም ያልሁት እኔ ነኝ። “ያመጣነውን ቃል እኛው እንመልሰዋለን፤ አንቺ ግን በእኛ ፊት በአፍሽ ትናገሪያለሽ” ብለው ለእሑድ ቀጠሩኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱም መጡና እንደገና ቆሙ። አሁን ደግሞ እሄዳለሁ ሳትይን አንቀመጥም አሏት። ልጄ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች።

“አባትሽ እንዲያ አላለም” አልሁ። “የተናገረው በስልኩ የሰማሽውን ብቻ ነው።”

አልተቆጣችም። ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሑድ በሄዱ ማግሥት፣ ገና ልብሱን ሳናጥብ፣ ለትምህርት ለተቀበሏት ሰዎች ደውላ እንደማትመጣ ነግራቸው ነበር። ቦታው ተራ ይጠብቅ ለነበረ ሌላ ሐኪም ተሰጥቷል። ይህን የነገረችን ቀስ ብላ ነው፤ ለሕመምተኛ ቤተሰብ ስትናገር እንደዚህ ትሆናለች ብዬ አሰብሁ። ዋርሳዬ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው ተቀመጡ።

ከሸኘናቸው በኋላ ደጃፍ ላይ ቆመን ነገረችኝ። “ለከርሞ እንደገና አመለክታለሁ። አትሂጂ ማለት ከፈለግሽ፣ እማዬ፣ በራስሽ ስም በይኝ። አንቺን እምቢ ማለት እችላለሁ። አባዬን ግን አልችልም።”

አሁን የከተማችን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሠራለች። ከጥሊሊም ከጫግኒም ሕፃናት ይመጡባታል። የምትችለውን ታክማለች፤ ያልቻለችውን መንገዱ ክፍት ከሆነ ወደ ባሕር ዳር ትልካለች። ሕፃን የላከች ቀን ራት አልበላም ትለኛለች። አላስጨንቃትም፤ ለምን እንደማትበላ አውቃለሁና።

ግን አመሻሽ ላይ የባጃጁ ድምፅ ከአጥራችን ውጭ ሲቆም፣ የእሷም ጫማ ጠጠሩ ላይ ሲሰማ፣ ደስ ይለኛል። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን አይደለሁም። በልጄ ምርጫ ላይ ያደረግሁትን እያወቅሁ፣ ራት የማትበላበትን ምክንያት እያወቅሁ፣ ልቤ ደስ ይለዋል። ለዋሸሁት ንስሐ ገብቼ ስግደቴን ጨርሻለሁ። ስለ ደስታዬ ግን የነፍስ አባቴ አልጠየቁኝም፤ እኔም እስካሁን አልነገርኋቸውም።