ጠርዟ የጠመመ ሙዳይ

የታሰርኩት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ በተጠራ ስብሰባ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። ጥያቄዬ ረጅም አልነበረም፤ እስሩ ግን ከጥያቄው በጣም ረዘመ። በማግስቱ ሁለት ፖሊሶች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ይዘውኝ ሄዱ።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ጀርባ ሲያስደግፉት ወዛም ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ከረፋድ ጀምሮ ስለሚግል ሸሚዝ የለበሰ ሰው አላየሁም። ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠመኔ የነካውን እጄን አዩና ፈቀቅ አሉልኝ።

«ና መምህር፤ እዚህ ጋ ነፋስ ይመጣል» አሉኝ።

ነፋስ አልመጣም። እንደማይመጣ እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ወግ ነው።

ሽማግሌው የኮኪት ሰሊጥ አራሽ ናቸው። ልጃቸው ለመተማ ዮሐንስ ሰው ልትዳር አንድ ሳምንት ቀርቷታል። ሰርጉ እንዳይራዘም የከለከሉት ራሳቸው ነበሩ፤ «የኔ ጉዳይ መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ድግሱ ተደግሷል» ብለው። በጠያቂ ቀን ልጅቷ በአክስቷ በኩል መልዕክት ላከች፤ «እሁድ ሙሽራው ይዞኝ ሲያልፍ ከእስር ቤቱ በር እንቆማለን። ጉልበትዎን ሳልስም ባል ቤት አልገባም።»

ሽማግሌው ተመልሰው ገቡ። የመጣላቸውን ምሳ ለእኛ ሰጡን።

«አልወጣላትም» አሉ። «አባት ልጁን ሲድር ጊደር ይሰጣል። እኔ በዚህች ባደፈች ጀለብያ፣ ባዶ እጀን፣ ፖሊስ ፊት ቆሜ ልመርቃት ነው? አላደርገውም።»

ከአጠገባችን የሚተኛ አንድ ሳሉግ ነበር። ሳሉግ የሚባለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ይሄኛው ጎጃሜ ነው። መታወቂያ ሳይዝ ተገኝቶ ነው የታፈሰው። ስለ ፖለቲካ ሲጠይቁት ስለ አረም ይመልስላቸው ነበር። እጁ አካፋ ያህላል።

«ተዚህ ቁጭ ብለን ተምናዝን ሙዳይ አንሰፋላትም?» አለ።

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። በእኛ አገር ስፌት የሴት ሥራ ነው፤ ወስፌ የጨበጠ ወንድ ስም ይወጣለታል።

«ሳቁ» አለ ሳይከፋው። «እናቴ ሰባት ወንድ ነው የወለደች። ተሰባታችን ሌላ ማን ይሰፋላት ኖሯል?»

በስንደዶ ፋንታ የቤቱን የሳር መጥረጊያ መዘዝን። ለአክርማው የማዳበሪያ ከረጢት ተረተርን፤ ነጩ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመር ስለነበረው ቀለም አልቸገረንም። ወስፌያችን መጥረጊያው የታሰረበት ሽቦ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ሞረድነው። አጫሾቹ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት ሰጡን። እሱን ጠምዝዘን በየመሀሉ ስናስገባው ያብረቀርቅ ጀመር። መጥረጊያው በየቀኑ እየከሳ ሄደ። ጠባቂያችን ፖሊስ በሦስተኛው ቀን አንሥቶ አየውና «ይሄ ነገር ታሟል እንዴ?» ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

ሌሎቹም ሥራ አልፈቱም። «ሙሽራ መጥታ ባዶ አፏን ትመለስ?» ብለው የውሃ ፕላስቲክ እየቆረጡ ብርጭቆ ሠሩ፤ ከንፈር እንዳይቆርጥ አፉን በክር ጠመጠሙት። ከጠያቂ ከርከዴ፣ ሱዳኖች የሚጠጡትን ቀይ አበባ፣ ለምነው አገኙ። በጀሪካን ዘፍዝፈው፣ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው እንዲቀዘቅዝ ከበሩ ሥር አስቀመጡት።

ጊዜ ስላጠረን እኔና ሳሉጉ ሥራውን ተካፈልን፤ እሱ ክዳኑን፣ እኔ ታችኛውን።

«ወርዷ አንድ ስንዝር ይሁን» አለኝ።

ለዚህማ አላንስም አልኩ። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውን ይተኛሉ፤ አልፎ አልፎ ብቻ አንገታቸውን ዞር ያደርጋሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለቱን አገናኘናቸው። ክዳኑ ሙዳይዋን እስከ ወለሉ ዋጣት። ለካ እሱ በራሱ ስንዝር፣ እኔም በራሴ ስንዝር ነው የለካነው! የሱ አንድ ስንዝር የኔን አንድ ተኩል ይሆናል። እኔ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ «ስንዝር ከሰው ሰው ይለያያል» እያልኩ ስንት ልጅ ፈትኛለሁ።

«መምህር፣ ይኸ እጅ ነው ወይስ ማንኪያ?» አለ ሳሉጉ መዳፌን እያገላበጠ።

ሁሉም ሳቀ። እኔን ግን አልቅስ አልቅስ አለኝ። መጥረጊያው አልቋል፤ ሰርጉ ነገ ነው።

ሽማግሌው ተነሥተው መጡ። ክዳኑን አዙረው አዙረው ተመለከቱት።

«ሲሰፋ ከመሀል ወደ ዳር ነው የሄደ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎን አባባ» አለ ሳሉጉ።

«እንግዲያ ከዳር ወደ መሀል ይፈታላ። አምጡት፤ እኔ ልፍታው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ካሉበት አልተነሡም። እየለኩ ዙር በዙር ፈቱት። ልኩ ሲደርስ ጠርዙን መዝጋት ቀረ። ሳሉጉ ሊቀበላቸው እጁን ቢዘረጋ «አሳየኝ እንጅ አትንካብኝ» አሉት። ሽቦው ሁለት ጊዜ ጣታቸውን ወጋቸው። ጠርዙም ጠመመ፤ ገፋ ሲያደርጉት ግን ይገጥማል። እኛም ስለ መውጣትና አለመውጣት አላነሣንባቸውም።

እሁድ የመኪና ጡሩንባና እልልታ ሰማን። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ «አሥር ደቂቃ» አለ። ሽማግሌው ከአንዳችን ነጭ ጋቢ ተውሰው ደርበዋል። ሙዳይዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ለከርከዴው ስንል እኔና ሳሉጉም እስከ ደጃፉ ተፈቀደልን። ሚዜዎቹ ጠጡ፤ አንዱማ ብርጭቆውን ኪሱ ከተተ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ፖሊሱ ዕቃ ከመውጣቱ በፊት መፈተሽ ነበረበት። ክዳኗን አነሣ።

«ባዶ ናት እኮ!» አለ ደንግጦ።

ለሙሽራ ባዶ ዕቃ አይሰጥም፤ ገዱ ጥሩ አይደለም። ያን ሁሉ ቀን ስንሰፋ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም፤ ሴት ብትኖርበት ኖሮ አይረሳም ነበር። ፖሊሱ ኪሱን ዳበሰና ሦስት ከረሜላ ጨመረባት። «ተፈትሿል» ብሎ ከደናት።

ልጅቷ ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። «ውለጅ፣ ክበጅ፤ የአብርሃምና የሣራ ጎጆ ያርግልሽ» አሉና ሙዳይዋን ሰጧት። በጣቷ ዳሰሰቻት፤ ጣቷ የጠመመው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ማን ሰፋት?»

ከኋላዋ የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ቆመዋል። «በወዲያኛው ቤት ያሉት ሴት እስረኞች» ቢሉ ማንም አይመረምራቸውም ነበር።

«እነዚህ ልጆች ናቸው» አሉ ወደ እኛ እያመለከቱ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጠርዙን ግን እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ከሙሽራው ሽማግሌዎች አንዱ ሊስቁ ብለው ተዉት። ቀረብ አሉና ጠርዙን ጫን አድርገው ሞከሩት። «ጠንካራ ነው» አሉ። ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች።

ሽማግሌው ብዙም ሳይቆዩ ተፈቱ፤ እኔ ከርሜ ወጣሁ። አሁንም ሒሳብ አስተምራለሁ። ከዚያ ቤት ሙያ ይዤ ወጣሁ ስል እስሩን ያመሰገንኩ እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ፤ አላመሰግነውም። ሰዎቹን ግን እናፍቃቸዋለሁ። ጓደኛ ሲያገባ፣ ጎረቤት ስትወልድ ሙዳይ እሰፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሚስቴ ሰው ሲመጣ «ኧረ ስፌቱን አስገባው!» ትለኝ ነበር። የምሰፋው ደጃፍ ላይ፣ መንገዱን ፊት ለፊት እያየሁ ነው። የሚያልፈው ሰው ቆም ይልና «ለባለቤትህ ይዘህላት ነው መምህር?» ይለኛል።

«የኔ ነው» እለዋለሁ።