ለአንድ ሰው ስል ለጉባኤው ሁሉ ያስተማርኩበት እሁድ

ባለፈው ሐሙስ የሱስ ሕክምና ከማስተምራቸው ሰልጣኞች አንዷ፣ ሳሮን የምትባል ወጣት ሐኪም፣ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች። እዚሁ ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ፣ "የማውቀው ሰው የጥናታችን ሕመምተኞች ሊስት ላይ አለ" አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። ተቀመጪ አልኳት። ያ ፍርሃት ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ አውቀዋለሁ።

ፌሎውሺፕ የሚሉትን የሱስ ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና ስጀምር ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ለሐኪምነት አዲስ አልነበርኩም፤ ራሴን ግን ገና እንደ ተማሪ ነበር የማየው። ግማሹን ሳምንት ሕመምተኛ እናያለን፣ ግማሹን ጥናት እንሠራለን። የኔ ጥናት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ የያዛቸው ሰዎች ሕክምናውን ለምን እንደሚያቋርጡ ራሳቸውን መጠየቅ ነበር። ኤል ሴሪቶ የምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ በሥራ ቀን ኦክላንድ ክሊኒክ፣ እሁድ ሳን ሆዜ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን እውል ነበር።

ጋሽ ግርማ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ ከአየር ማረፊያ የተቀበሉኝ፣ መኪና መንዳት ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ሳጠፋ አይቆጡም፤ "ቀስ፣ መንገዱ የትም አይሄድም" ይሉኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለጥናቱ ቃለ መጠይቅ የተቀጠረ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ቀና ብዬ ሳይ እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ባሉበት ቆሙ።

"አስቴር፣ አንቺ ነሽ?"

ከሳን ሆዜ ያን ሁሉ መንገድ ነድተው ኦክላንድ የሚታከሙት ሐበሻ እንዳያያቸው ብለው ነበር። ወገባቸውን ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው የታዘዘላቸው የማስታገሻ ክኒን ሲቆምባቸው፣ ከመንገድ መግዛት ጀምረው ኖሯል። ሌላ ሐኪም እንደሚያነጋግራቸው፣ ከኔ አፍ አንዲት ቃል እንደማትወጣ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አይመስለኝም። "ወይንሸት የሰማች ቀን እኔ የለሁም" ብለው ወጡ። ወይንሸት ሚስታቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ክሊኒኩ አልተመለሱም፤ ሲደወልላቸውም አያነሱም። የሚያስፈራው ይሄ ነበር። ሕክምናውን አቋርጦ ወደ ክኒኑ የሚመለስ ሰው፣ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችለውም። የመንገዱ ክኒን ደግሞ ብዙ ጊዜ ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ ማደንዘዣ አለበት፤ አንዷ ትበቃለች።

ወሩ ጥር ነበር። እዚህ አገር ዝናቡ ከብርዱ ጋር ነው የሚመጣው፤ በጋውን ሙሉ እንደ ገለባ የነጣው ኮረብታ በዚያን ጊዜ አረንጓዴ ይለብሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ግን በጭነት መኪኖች መሃል ወደ ሳን ሆዜ ስነዳ፣ ዛሬ ቦታቸው ባዶ ይሆን እያልኩ መሪውን እጨብጥ ነበር። አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ እትዬ ወይንሸት በርበሬ የገባበት መኮሮኒ በወረቀት ሰሃን እየጨመሩልኝ፣ ሰውዬው በቁማቸው እንደሚያንቀላፉ፣ ስኳር ይሆን እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ሐኪም ይያቸው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ለኃላፊዬ ነገርኳት። በዚህ ሥራ ጸጉሯን ያሸበተች ሐኪም ናት። የሕመምተኛ ምስጢር ለሚስትም ቢሆን አይነገርም አለችኝ። ይህንማ አውቃለሁ። ቀጥላ ግን፣ ናሎክሶንን ለሰው ሁሉ ከማስተማር የሚከለክልሽ የለም አለች። ናሎክሶን ክኒኑ ትንፋሹን ያቋረጠበትን ሰው የሚመልስ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ነው።

ፓስተሩ "እህት አስቴር፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ችግር የለም እኮ" አሉኝ። ለጎረቤትም ለሥራ ባልደረባም ይጠቅማል ብዬ ስለምናቸው፣ ከማስታወቂያ በኋላ አሥር ደቂቃ ሰጡኝ።

ጋሽ ግርማ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። እኔ እንዴት እንደሚነፋ ሳሳይ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም። አሳልፋ ሰጠችኝ እያሉ እንደሆነ ገባኝ። እስከ መጨረሻው አሳይቼ ጨረስኩ። ካመጣኋቸው የናሎክሶን ሳጥኖች አብዛኞቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። እትዬ ወይንሸት አንዱን አንስተው፣ "ለጎረቤታችን ልጅ" ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ አንድ ኤርትራዊ አባት ምግብ ቤት ፉል እየበላሁ ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ወይንሸት ናቸው።

"አስቴርዬ፣ ግርማ አይነሳም። ከንፈሩ ጠቁሯል።"

አምቡላንስ ተጠርቶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ጎረቤታቸው እየደወለች ነበር።

"ቦርሳዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ። አፍንጫቸው ውስጥ አስገብተው እስከ መጨረሻው ይጫኑት።"

ስልኩ ወለል ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። በአፋቸው እንዲተነፍሱላቸው ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ጸጥ አለ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ እንደ ሐኪም ሁለት ወይም ሦስት ነው እላለሁ። ምግብ ቤቱ ሁሉ ዞሮ እያየኝ ነው። ባለቤቱ መጥተው ምንም ሳይጠይቁኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጡና እጄን ያዙ። በመጨረሻ ከስልኩ ውስጥ ሳል ሰማሁ። ደረቅ፣ አስቀያሚ የሽማግሌ ሳል። እንደዚያ ሳል ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

ጋሽ ግርማ ለወራት አላናገሩኝም። ሳን ሆዜ ውስጥ ሕክምና ጀምረው እትዬ ወይንሸት እንደሚያመላልሷቸው የሰማሁት ከራሳቸው ከእትዬ ወይንሸት ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መኪናዬ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ።

"ያን እሁድ ረግሜሽ ነበር" አሉኝ።

አውቃለሁ አልኳቸው።

"ቂሙ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ግን ይኸው፣ ወይንሸትም ሰማች፣ እኔም አለሁ።"

ይህን ሁሉ ለሳሮን ነገርኳት። ሚስትየው ያን ሳጥን ባይወስዱትስ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም አልኳት። ከዚያ የምታውቀው ሰው ወደ ሌላ ሐኪም እንዲዛወር ወረቀቱን አብረን ሞላን። ልትወጣ ስትል፣ ፍርሃቱ መቼ ነው የሚለቀው አለችኝ። ጋሽ ግርማ ዛሬ ወደ ሰባ ተጠግተዋል፣ ደህና ናቸው፤ ለልደቴ ሳይቀር ይደውሉልኛል። ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳይ ግን እስከ አሁን ድረስ ከማንሳቴ በፊት መቀመጫ እፈልጋለሁ። ይህንኑ ነገርኳት።