በርካሹ ጠርሙስ

ሽማግሌው የቅመማ ቅመም ሱቁ ውስጥ የሚገቡት ኮፍያቸውን አውልቀው ነው። የቫኒላውን ጠርሙስ ወደ መብራቱ ያነሱና የጠቆረ ቡናማ መሆኑን ያያሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ሰክተው ጽሑፉን ያነባሉ። «ቫኒላና አልኮል ብቻ» ይላሉ ለራሳቸው። «ሌላው ሁሉ ሽቶ ነው።»

ገዝተው ሲወጡ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ከኮት ኪሳቸው የርካሹን፣ የአስመሳዩን ቫኒላ ባዶ ጠርሙስ ያወጡና እውነተኛውን ወደ እሱ ይገለብጣሉ። አንዲት ጠብታ አትባክንም። የእውነተኛውን ጠርሙስ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥሉታል።

ባለሱቋ አስመሳዩን በእውነተኛው ጠርሙስ ሞልቶ የሚሸጥ ብዙ ሰው ያየች ሴት ናት። እንዲህ የሚያደርግ ግን ከእሳቸው በቀር ገጥሟት አያውቅም። ዛሬ አላስቻላትም፤ ወደ በሩ ወጣች።

«አባባ፣ ሰው የሚያጭበረብረው የዚህን ተቃራኒ ነው እኮ።»

«ባለቤቴን ነው» አሉ ክዳኑን እያጠበቁ። «ለራሷ ሲሆን ርካሹ ምን አነሰው ባይ ናት። ደህናውን ካየች ለእንግዳ ብላ ትቆልፍበታለች።»

«የጋገረችው ኬክ ሲጣፍጣት አትጠረጥርም?»

«እጄ ነው ትላለች።» ኮፍያቸውን አጠለቁ። «እኔም እጅሽ ነው እላታለሁ።»