ማሲንቆው የወጣበት አልበም

ከወንድሜ ጋር ስምንት ዘፈን የቀዳነው ላሊበላ ውስጥ በምሠራበት ሆቴል፣ አሥራ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግዳ ስላልነበረ ባለቤቱ «ክፍሉ እንደሆነ ባዶ ነው፤ ዝፈኑበት» አሉን። ከየክፍሉ ፍራሽ አውጥተን ግድግዳው ላይ አቆምን፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። ድምፅ ቀጂው ከደሴ የመጣ፣ በዕድሜ እኩያችን የሆነ ሰው ነበር።

ዘፈኖቹ የእናታችን ናቸው። ፍላቂት አጠገብ በነበረው ቤታችን ገብስ ስትፈጭ ታንጎራጉራቸው ነበር። ክንዷ ሲደክም ዜማው ይዘገያል፤ እህሉ ሊያልቅ ሲል ይፈጥናል። ከሞተች በኋላ እኔ ግጥሙን ያዝኩ፤ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ግን ያንን መዘግየትና መፍጠን ሳይቀር በማሲንቆው አጠናው። ስዘፍን ይጠብቀኛል። ትንፋሽ ልስብ ስል ደጋኑን ያዝ ያደርግና አብሮኝ ይነሣል።

በአምስት ቀን ጨረስን። ቀጂው ሥራውን ይዞ ወደ ደሴ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ደወለልኝ።

«ቅንብሩን ትንሽ ሞቅ ላድርገው?» አለኝ። «ማሲንቆው በጣም ያለቅሳል። እንዲህ ከወጣ ሰርግ ላይ የሚከፍተው የለም።»

ወንድሜ አስጎብኚ ነው። ያን ቀን ጥቂት ተሳላሚዎች ይዞ አሸተን ማርያም ወጥቶ ነበር። ከሱ ጋር ልማከር ማለት እችል ነበር። «አንተ ታውቃለህ» አልኩት። ሞቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነም አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ሰርግ ላይ ይከፈታል መባሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

አልበሙ በፍላሽ ተልኮ ሲመጣ እንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ አብረን ከፈትነው። ኪቦርድ ነበር። የማሽን ከበሮ ነበር። በመሀል የኔ ድምፅ ነበር። ወንድሜ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስምንቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«እኔ የታለሁ?» አለኝ።

 እዚያው ተቀምጦ ቀጂው ጋ ደወለ፤ ስልኩን ክፍት አድርጎት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። «እህትህን ጠይቄያት እኮ ነው» አለ ሰውየው። የመጀመሪያውን ቅጂ እንዲልክለት ሲለምነው ደግሞ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ እንደጠፋ ነገረው። ወንድሜ ስልኩን ዘጋ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሸተን ነበርክ።»

«ማታ እመለስ አልነበር፣ እታለም?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አልበሙ ተወደደ። ሚኒባሶች ከፈቱት፤ ሰርግ ይጠሩኝ ጀመር። ፍላሹን ይሰኩልኛል፣ እኔ በላዩ ላይ እዘፍናለሁ። ወንድሜ አንድም ቀን አልመጣም። ከዓመት በላይ እንዲህ ከሄደ በኋላ፣ ሌላው ቢቀር በስልኬ መቅጃ እንኳ እንደገና እንቅዳው ብዬ ለመንኩት። እሺ አለ። ያው ክፍል ገባን፤ ፍራሾቹን እንደገና ተሸከምን። ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ ደጋኑን አስቀመጠ።

«አትጠብቂኝም» አለኝ። «ድምፅሽ የሚሄደው ከበሮውን እየሰማ ነው።»

«እንደገና እንሞክረው።»

ሦስት ጊዜ ሞከርን። እውነቱን ነው፤ ደረቴ ውስጥ ያ ማሽን እየመታ ነበር። የእናቴን መዘግየት ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣልኝ ግን ሰርግ ቤት የምዘፍነው ነው። የወፍጮው ድንጋይም፣ የሷ ትንፋሽም አልመጣልኝም። ወንድሜ ማሲንቆውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ፍራሾቹን ወደየክፍላቸው እንድመልስ አገዘኝ።

በዚያው ክረምት ማስጎብኘቱን ትቶ ኮን አጠገብ የሚኖሩት አጎታችን ዘንድ ሄደ። እዚያ ያርሳል። ማሲንቆውን ይዞት ሄዷል፤ ይጫወትበት እንደሆነ አጎታችንን ጠይቄያቸው አልሰማንም አሉኝ። እኔ ዛሬም ሰርግ እዘፍናለሁ፤ ሰው ያጨበጭባል። ማንም የጎደለ ነገር አይሰማውም።

ለገና ይመጣል። አብረን በልተን ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ አጎታችን ወገብ እናወራለን። ባለፈው ዓመት ይቅርታ ልጠይቀው ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ውርጩ የትኛውን ማሳ እንደመታው ይነግረኝ ጀመር፤ እኔም ስንት ጥማድ እንደሆነ ጠየቅሁት። በማግስቱ ጠዋት ሄደ።