«አይሰማም እኮ»

ባለፈው እሁድ የሆነውን ልንገራችሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሮውሌት ከተማ፣ ቢኒ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ቢኒ እንደኔው ሐበሻ ነው፣ እንደኔው ጌይ። እንዲህ ጌይ የሆንን ሐበሾች ስንሰባሰብ የሰፈሩ ሐበሻ እንዳያየን መኪናችንን ራቅ አድርገን ፓርክ እናደርጋለን፣ መጋረጃ እንዘጋለን። የቢኒ ፍቅረኛ ነጭ ነው። መጀመሪያ ያመጣው ቀን ሁላችንም አጨብጭበንለታል።

ሶ እኔም አብረን ከሆንን ከስድስት ወር በኋላ ማርከስን ላስተዋውቃቸው ደፈርኩ። ማርከስ ፍቅረኛዬ ነው፣ የፎርት ዎርዝ ልጅ፣ ጥቁር አሜሪካዊ። መንገዱን ሙሉ «አመሰግናለሁ» ማለትን ሲለማመድ ነው የመጣው።

ቢኒ ሳህኑን ሞልቶ አቀበለው። ከዚያ ጥርሱን ገልጦ ማርከስን እያየ፣ ለእኔ በአማርኛ... «ምነው፣ ነጭ ጠፍቶ ነው ባሪያ ይዘህ የመጣኸው?»

ሁሉም ሳቁ። ማርከስም የተመሰገነ መስሎት አብሮ ሳቀና «አመሰግናለሁ» አለው።

ሳህኔን አስቀመጥኩና «ነውር አይደለም?» አልኩት።

«ቀልድ ነው ባክህ። ደግሞ አይሰማም እኮ።»

ይሄ እንግዲህ እናቱ ጌይ መሆኑን ሰምታ «ልጄ ሞቷል» ብላ ለዘመድ ያወራችበት ሰው ነው። ያኔ የኔ ሶፋ ላይ ነው ሲያለቅስ የከረመው። ሰው ራሱ እንዲህ ተተፍቶ ሌላውን ለመትፋት አፉ እንዴት ይታዘዝለታል? አስጠላኝ። ቤቱም፣ ሳቃቸውም፣ ምግቡም አስጠላኝ።

«ከስራ ኮል አደረጉልኝ» ብዬ ማርከስን ይዤው ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ማርከስ «ባሪያ ምን ማለት ነው?» አለኝ። ቃሏን ጥርት አድርጎ ነው የጠራት።

እውነቱን ከነገርኩት የማጣው መሰለኝ። «ማለቴ... ጓደኛ እንደማለት ነው» አልኩት።

እሱ መንገዱን እያየ «ይገርማል» አለ። «ከእህትህ ጋር በስልክ ስታወራ ያንን ጥቁሩን ሱፐርቫይዘርህን እንደዛ ስትለው እሰማለሁ። ለእኔ ግን ‹የሰውዬውን ዓይኑን ማየት አልፈልግም› ነው የምትለኝ።»

ቤቱ ሳደርሰው ሳይሰናበተኝ ወረደ። ቴክስቴንም እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ያንን ቃል ቢኒ ቤት የሰማሁት መስሎኝ ነበር... ለካ እኔው ይዤው ነው የገባሁት።