ጠርቶ የሚመልስ የሌለበት ገበያ

ያን ቀን ዱባይ ውስጥ ዶላር ስመነዝር፣ ማጀቴ ገበያ ፍየል የምገዛ ይመስል ዋጋ ተከራከርኩ። ወልዳ ሆስፒታል የተኛችውን ልጄን ልጠይቅ፣ የታክሲ ድርሃም ፈልጌ ነበር። መንዛሪው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቢያሳየኝ፣ «እሱማ ለሌላው ነው፤ ለሽማግሌ ትንሽ ጨምር» አልኩት፣ ያውም በአማርኛ። ራሱን ሲነቀንቅ፣ ጠርቶ ይመልሰኛል ብዬ ዶላሬን ኪሴ ከትቼ ኮራ ብዬ ወጣሁ። እንዲደርስብኝ ቀስ እያልኩ ብራመድም የጠራኝ የለም። ስመለስ ለጁምዓ ሶላት ዘግቷል።

በሩ ላይ ቆሜ «አንተ ጅል ሽማግሌ» እያልኩ ራሴን ስሰድብ፣ ወለል የምትወለውል አንዲት ልጅ ሰምታ ሳቀች።

«አባባ፣ ይህ ስድብ የየት አገር ነው?»

«የሸዋ ሮቢት።»

«እንግዲያ ጎረቤት ነን፤ እኔ የጀውሃ ነኝ» ብላ፣ የታክሲ እንዳጣሁ ስነግራት ሃምሳ ድርሃም አስጨበጠችኝ። «አገር ሲገቡ ለእናቴ ይመልሱልኛል።»

ከቀትር በኋላ የልጅ ልጄን አቀፍኩ።

አገር እንደገባሁ ጀውሃ ሄጄ፣ ምግብ ቤት ላላቸው እናቷ ገንዘቡን በብር አስልቼ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። «ዘንድሮ እመጣለሁ ብላኛለች ጋሼ፤ ያበደረችዎት እሷ ናት፣ ራሷ መጥታ ከእጅዎ ትቀበል» አሉኝ። ይኸው ብሩ ኮቴ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ልጅቷን ይጠብቃል፤ ሃምሳ ድርሃሟ አሁንም አለብኝ።