የቶኩጂ ገበታ

ሺጌኖ ግትር ሴት ነበረች። በኬሴኑማ ወደብ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ የዓሣ ሆድ ስትቀድ ኖራ ጣቶቿ በጨውና በበረዶ ተጣመዋል፤ ከአፏ ግን «ደከመኝ» የሚል ቃል ሲወጣ የሰማ የለም። የገበያው ሰዎች ከእሷ ጋር ከመከራከር ከማዕበል ጋር መታገል ይቀላል እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ባሏን በጊዜ ቀብራለች። የቀሯት አንድ ልጇ ቶኩጂና ሚስቱ ኪኑዮ ነበሩ።

ቶኩጂ ለቱና ዓሣ ወጥቶ መርከቧ ከነሰዎቿ ከጠፋች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። አስከሬን አልተገኘም። የሌሎቹ መርከበኞች ቤተሰቦች ቀስ በቀስ እርማቸውን አወጡ፤ ሺጌኖ ግን በጄ አላለችም። በባሕር ሰዎች ቤት ርቆ ለሄደ ሰው በሄደበት እንዳይርበው በየዕለቱ ገበታ ይቀርብለታል። በቶኩጂ ቦታም ኪኑዮ ጠዋት ጠዋት ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና ክዳን ባለው የእንጨት ሳህን ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ሾርባ ታቀርባለች። ሺጌኖ ከዓሣ ገበያ ስትመለስ እጇን እንኳን ሳትታጠብ የሾርባውን ክዳን ታነሳለች። በባሕር ሰዎች እምነት፣ በክዳኑ ውስጥ ከሾርባው እንፋሎት የተጠራቀመ የውሃ ጠብታ ከተገኘ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። ጠብታው አንድ ቀን እንኳን ጠፍቶ አያውቅም። «አየሽ፣ ደህና ነው» ትላለች። ኪኑዮም «ደህና ነው፣ እማማ» ትልና የቀዘቀዘውን የባሏን ሩዝ ምሳዋ ታደርገዋለች።

የኪኑዮ ወላጆች ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከዋል። ገና የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፣ ልጅም አልወለደች፣ ወደ ቤቷ ትመለስ ነው የሚሉት። ሺጌኖ ባሏ ያልሞተባትን ሴት መበለት አታድርጓት ብላ አባረረቻቸው። እውነቱን ለመናገር ጭካኔ ነበር፤ ለእሷ ግን ተስፋ መስሏታል።

በጥር ወር ሺጌኖን ሳል ጣላትና ከገበያ ቀረች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትንሽ ሲሻላት ተነስታ ከወረቀት በተሠራው የክፍሏ በር ክፍተት ወደ ማድቤቱ አየች። ኪኑዮ ከገበታው ፊት ተንበርክካ የሾርባውን ክዳን አነሳች። የክዳኑ ውስጥ ደርቋል። ጣቷን ውሃ ውስጥ ነከረችና በክዳኑ ውስጥ ጠብታዎቹን በጥንቃቄ ደረደረቻቸው። ሺጌኖ በሩን ከፈተች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

ኪኑዮ ደንግጣ ዞረች። «ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ። እርስዎ ከገበያ እስኪመለሱ ሾርባው እየቀዘቀዘ፣ አንዳንድ ቀን ክዳኑ ይደርቅ ነበር።»

«እንደማይመለስ ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን አስቀመጠሽ?»

«እርስዎን ለማን ትቼ ልሂድ?»

ሺጌኖ ወደ ማድቤቱ ገባች። አንድ ሳህን የሚሞላ ሩዝ ለብቻው አጥባ ጣደች። ሲበስል በቶኩጂ ሳህን ላይ ቆለለችው፣ ሁለቱን የመብያ እንጨቶቹንም አነሳች። እንጨቶቹን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል የሚደረገው ለሞተ ሰው ብቻ ነው፤ ልጅ በጨዋታ እንኳን ቢያደርገው እጁን ይመታል። ሺጌኖም ቶኩጂን በልጅነቱ ስንቴ መትታዋለች። እንጨቶቹ ሁለት ጊዜ ወደቁባት። ኪኑዮ ልታግዛት ብትጠጋ «ተይኝ፣ የወለድኩት እኔ ነኝ» አለቻትና ተከለቻቸው።

ኪኑዮ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በዚያ ቤት ለባሏ እንባ አውጥታ አታውቅም፤ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ተብላለች። አሁን ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ስሙን እየጠራች ተንሰቀሰቀች። ሺጌኖ አጠገቧ ተቀምጣ በተጣመሙት ጣቶቿ ጀርባዋን ታሻት ጀመር።

«አልቅሺ ልጄ» አለቻት። «እኔ ነኝ የከለከልኩሽ።»